የድሮ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽን የኪነ ጥበብ ማዕከል ማድረግ፦ ወለሉ፣ ካፕሪያታው፣ ማስተጋባቱ

የመድረክ ሰው (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የቆየ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሙዚቃ፣ ለቲያትርና ለሥዕል ዐውደ ርዕይ የሚያገለግል ማዕከል ሊሆን ነው። የውስጡ ልክ 24 ሜትር በ14 ሜትር ሲሆን እስከ ኮርኒሱ 9 ሜትር ከፍታ አለው። ግድግዳው በኖራ የተገነባ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው። ኮርኒሱ ጣውላ ነው፤ ከበላዩ በየ3 ሜትሩ የቆሙ 7 የእንጨት ካፕሪያታዎች (ባለ ሦስት ማዕዘን የጣሪያ መዋቅሮች) ቆርቆሮውን ይሸከማሉ። ወለሉም ጣውላ ነው፤ ከሥሩ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ አለ። 7.5 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አግዳሚ እንጨቶች በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ተደርድረው 4 ሜትር ርዝመት ይዘልላሉ።

የታሰበው 300 ተመልካች ነው። ባዶው አዳራሽ ሲለካ የማስተጋባት ጊዜው፣ ማለትም ድምፅ ከቆመ በኋላ እስኪጠፋ የሚወስደው ጊዜ፣ በመካከለኛው ድምፅ 3.2 ሰከንድ፣ በ125 ኸርዝ (በወፍራሙ ድምፅ) ደግሞ 2.6 ሰከንድ ነው። የግድግዳው የታችኛው ልስን እየረገፈ ስለሆነ በሲሚንቶ ይለሰን፣ ወለሉም ተነስቶ ኮንክሪት ይፈሰስ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። መብራቱን ካፕሪያታው ላይ ማንጠልጠል ይቻላል? ማስተጋባቱን የአዳራሹን መልክ ሳናጠፋ እንዴት እንቀንሰው? አየሩስ? ከየትኛው እንጀምር?

ኖራና ድንጋይ

ከእርጥበቱ ጀምሩ። ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል። ሲሚንቶውንም ኮንክሪቱንም በፍጹም አትቀበሉ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በኖራ የተገነባ ድንጋይ ከመሬት የሚስበውን ውሃ በኖራው መጋጠሚያና በልስኑ በኩል ወደ አየር ያተናል። ሲሚንቶ ስትለስኑበት ያ መንገድ ይዘጋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣና ከአዲሱ ልስን ጫፍ በላይ ያለውን ደህናውን ግድግዳ ያበላሻል። ውሃው ተሸክሞት የመጣው ጨው ደግሞ ከልስኑ ጀርባ እየደረቀ ክሪስታል ይሠራና ልስኑን ከድንጋዩ ፈንቅሎ ያነሳዋል። በጣታችሁ መገጣጠሚያ ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የያዘ ቦታ ካገኛችሁ ያ ሥራ ተጀምሯል ማለት ነው። ምናልባት አሁን የሚረግፈው ልስን ራሱ ከዚህ በፊት የተደረገ የሲሚንቶ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቁራጭ ሰብራችሁ እዩት። ግራጫና ጠንካራ ከሆነ ሲሚንቶ ነው፤ በጥፍር የሚፋቅ ነጣ ያለ ከሆነ ኖራ ነው።

ኮንክሪቱም እንደዚሁ። ዛሬ ከወለሉ ሥር በሰፊው የሚተነው የመሬት እርጥበት፣ ላስቲክ ተነጥፎ ኮንክሪት ሲፈስበት ወደ ዳር ይገፋና ሁሉም በግድግዳው በኩል ይወጣል። ወለሉን እናድን ብላችሁ ግድግዳውን ታጡታላችሁ።

የጥገናው አካሄድ ይህን ይመስላል። አስቀድሞ የውጭው መሬት ይታይ፤ በረጅም ዘመን አፈርና ንጣፍ እየተደራረበ ከውስጡ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቆፈር፣ አሸንዳው ይጠገን፣ የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ርቆ ይፍሰስ። ከዚያ የተበላሸው ልስን ከእርጥበቱ መስመር 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይነሳና ግድግዳው ለወራት ይድረቅ። ይህን ወራት በሥራ ፕሮግራሙ ላይ ካላስገባችሁ ተቋራጩ መቸኮሉ አይቀርም፤ ኖራን የሚገድለው ደግሞ ችኮላ ነው። ልስኑ 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ ንጹሕና ሻካራ አሸዋ ሆኖ በእያንዳንዱ ድርብ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ግድግዳው አስቀድሞ ይረጥብ፤ የተለሰነውም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሳምንት ይጠበቅ። ቀለሙ የኖራ ቀለም ይሁን። የፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ የሲሚንቶውን ጥፋት በቀጭኑ ይደግመዋል።

ስለ ወለሉ፦ የቢሮ ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ኒውተን ነው። ሰው ቆሞ ለሚሰበሰብበት አዳራሽ 5፣ ለመድረክ ደግሞ 7.5 ይጠየቃል። 5 ኪሎ ኒውተን ማለት በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ያህል ነው። የሰጣችሁት እንጨት በዚህ ጭነት ላይ ሲሰላ መካከሉ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረግባል። ለ4 ሜትር ርዝመት ይህ ልክ ድንበሩ ላይ ነው፤ ያውም እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ርዝመት መካከል ከሥር አጭር የድንጋይ ወይም የጡብ ድጋፍ ቢቆም ርዝመቱ 2 ሜትር ይሆናል። የማጠፍ ኃይሉ ወደ ሩብ፣ መርገቡ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ጣውላውም ሳይነካ ይቀራል። በድጋፉና በእንጨቱ መካከል እርጥበት የሚከለክል ንጣፍ ይግባ፤ ድጋፉም አየር እንዲያልፍ ክፍተት ይኑረው።

ከስሌቱ በፊት ግን በአራቱም ማዕዘንና በመካከል ጣውላ አንስታችሁ የእንጨቶቹን ጫፍ እዩ። የሚበሰብሰው ግድግዳው ውስጥ የገባው ጫፍ ነው፤ ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወጋ አድርጉበት። ያለ ትግል ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ እንጨቱ አልቋል። በእርጥበት መለኪያ ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ ደግሞ ገና ባይበሰብስም መንገዱን ጀምሯል። የምስጥ ቱቦም አብራችሁ ፈልጉ። ከግድግዳው ግርጌ በውጭ በኩል የተደፈኑ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ካሉ ዛሬውኑ ይከፈቱ።

ብረት ሠሪ

ወደ ካፕሪያታው ልምጣ። መብራት ቀላል ይመስላል፤ ሲደመር ግን እንደዚያ አይደለም። 40 መብራት በአማካይ 15 ኪሎ ቢሆን 600 ኪሎ ነው። 48 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ በሜትር 3.5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 60 ሜትር ቱቦ 210 ኪሎ ይሆናል። ገመዱ፣ ስፒከሩና ማንጠልጠያው ሲጨመር አንድ ቶን ተኩል በቀላሉ ይደርሳል። የዝናብ ድምፅ እንዳያስቸግር ከኮርኒሱ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር የማዕድን ሱፍ ይነጠፍ ከተባለ ደግሞ በ336 ካሬ ሜትር ላይ ሌላ አንድ ቶን ተኩል ይመጣል። እነዚህ ሁለት ጭነቶች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ይታዘዛሉ፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ድምሩን የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር።

ካፕሪያታ የተሠራው ጭነቱን መጋጠሚያው ላይ እንዲቀበል ነው። የታችኛው አግዳሚ በመሳብ የሚሠራ አካል ስለሆነ በሁለት መጋጠሚያ መካከል ከባድ ነገር ሲንጠለጠልበት ይታጠፋል፤ ላልተሠራበት ሥራ ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ ከተንጠለጠለ መጋጠሚያው ሥር ብቻ፣ በመቆንጠጫ ታስሮ። ቀዳዳ አይበሳ፤ በመሳብ የሚሠራ እንጨት ላይ የተበሳ ቀዳዳ አቅሙን በቀጥታ ይቀንሳል። ብሎኖቹ መላላታቸው፣ ግድግዳው ላይ የተቀመጠው ጫፍ መበስበሱ፣ ከዚህ በፊት ለሽቦ ወይም ለጭስ ማውጫ ተብሎ የተቆረጠ እንጨት መኖሩ አንድ በአንድ መታየት አለበት።

ከካፕሪያታው ይልቅ የምመርጠው ግን በራሱ እግር የሚቆም የብረት መዋቅር ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ምሰሶዎች በወለሉ በኩል አልፈው በራሳቸው መሠረት ላይ ይቆማሉ። መብራቱን፣ ስፒከሩን፣ መጋረጃውን ይሸከማሉ፤ ግድግዳውንም ጣሪያውንም አይነኩም። ለዚህ ትልቁ ምሳሌ የማንቸስተሩ ሮያል ኤክስቼንጅ ነው። የጥጥ ግብይት አዳራሹ ወለል የቲያትሩንና የተመልካቹን ክብደት በሙሉ ሊሸከም ስለማይችል፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው 150 ቶን የሚመዝን የብረትና የመስታወት ቲያትር ጉልላቱን ከያዙት አራት ትልልቅ ምሰሶዎች ላይ ተንጠለጠለ፤ ወለሉ ላይ ያረፈው መድረኩና የታችኛው መቀመጫ ብቻ ነው። እናንተ እንደዚያ ዓይነት ምሰሶ ስለሌላችሁ የራሳችሁን አቁሙ። ነገሩ ግን አንድ ነው፦ አዲሱ ክብደት ወዴት እንደሚወርድ መንገዱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

የምሰሶዎቹ መሠረት ሲቆፈር ከግድግዳው ይራቅ፤ የድሮ ግድግዳ መሠረት ከሚታሰበው በላይ ጥልቀት የሌለው ሊሆን ይችላል። ሌላ የሚረሳ ነገር ፒያኖ ነው። ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ 2.74 ሜትር ርዝመትና 480 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው። በሦስት እግር ሲቆም እያንዳንዱ ትንሽ ጎማ 160 ኪሎ ይጫናል። ለካሬ ሜትሩ የበቃ ጣውላ ለጎማው ላይበቃ ይችላል፤ የሚሄድበት መንገድ በሙሉ በወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሸፈን። በሩንና የመግቢያውን ማጠፊያም በዚያ ርዝመት ለኩ።

የመድረክ ሰው

እጅግ አመሰግናለሁ። የኮንክሪቱ ሐሳብ በዚህ ቀርቷል። ማስተጋባቱ ላይ አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ለቲያትር ደረቅ፣ ለክራርና ለቫዮሊን ደግሞ ሞቅ ያለ ድምፅ እንፈልጋለን። ሁለቱን በአንድ አዳራሽ ማስታረቅ ይቻላል?

ድምፅ ለኪ

ይቻላል፤ የእናንተ ልክ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ቁጥሩን አብረን እንሥራው።

የአዳራሹ ይዘት 24 × 14 × 9 = 3,024 ሜትር ኩብ ነው። በሳቢን ቀመር የማስተጋባት ጊዜ ማለት 0.161 ሲባዛ በይዘቱ፣ ሲካፈል ለጠቅላላው የመምጠጥ መጠን ነው። 0.161 በ3,024 ሲባዛ 487 ይሆናል። ዛሬ 3.2 ሰከንድ ስለሆነ አዳራሹ ያለው መምጠጥ 152 ካሬ ሜትር ነው፤ ድምፅን ሙሉ በሙሉ በሚውጥ ገጽ ስፋት ሲቆጠር ማለት ነው። ለአነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ያለ ማይክ 1.5 ሰከንድ ጥሩ ነው፤ 325 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ለቲያትርና በስፒከር ለሚቀርብ ሙዚቃ 1.0 ሰከንድ ይሁን፤ 487 ይፈልጋል። የተቀመጠ ሰው በመካከለኛው ድምፅ 0.45 ያህል ስለሚመጥ 300 ተመልካች 135 ይሰጣችኋል።

ስለዚህ ለሙዚቃው የሚጎድለው 38 ብቻ ነው፤ ለቲያትሩ 200። የመጀመሪያው 38 ቋሚ ይሁን። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለው የኋላ ግድግዳ ላይ 40 ካሬ ሜትር፣ 5 ሳንቲ ሜትር የማዕድን ሱፍ ከ5 ሳንቲ ሜትር የአየር ክፍተት ጋር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። ያ ግድግዳ ድምፁን ዘግይቶ ወደ ተዋናዩ የሚመልሰው ስለሆነ ገደል ማሚቶውንም አብሮ ይገድላል። ሱፉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይለጠፍ፤ ወለሉ ላይ የቆመ የእንጨት ፍሬም ይያዘው፣ ከጀርባው አየር ይለፍ። እርጥበት ያለው የኖራ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሱፍ ሻጋታ ያበቅላል።

የቀረው 160 ገደማ የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ ይሁን። በካሬ ሜትር 500 ግራም የሚመዝን የሱፍ ጨርቅ፣ ከሚሸፍነው ስፋት እጥፍ ሆኖ ተሰብስቦ ሲሰቀል፣ ከግድግዳውም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ የመምጠጥ መጠኑ 0.6 ገደማ ነው። 160 ለ0.6 ሲካፈል 270 ካሬ ሜትር። 6 ሜትር ቁመት ባለው መጋረጃ 45 ሜትር ርዝመት ማለት ነው፤ ሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች ደግሞ 48 ሜትር ናቸው። ቲያትር ሲሆን ይዘጋል፤ ሙዚቃ ሲሆን በየማዕዘኑ ተሰብስቦ ሽፋን ባለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ አይቀር፤ ተሰብስቦ ሜዳ ላይ የቆመ መጋረጃም ድምፅ መምጠጡን አያቆምም። የጨርቁ ክብደት ብቻ 270 ኪሎ ስለሆነ በብረት ሠሪ መዋቅር ሒሳብ ውስጥ ከአሁኑ አስገቡት።

ጨርቅ ስትገዙ ቀጭኑን እንዳያስማሟችሁ። ቀጭን ፖሊስተር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢሰቀል የሚወስደው የላይኛውን ድምፅ ብቻ ነው። አዳራሹ የታፈነም የሚያስተጋባም ይሆናል፤ ከሁለቱም መጥፎውን ታገኛላችሁ።

ትልቁ ወጥመድ ግን ወፍራሙ ድምፅ ነው። መጋረጃ 125 ኸርዝን አይነካውም ማለት ይቻላል፤ ሰውም እዚያ ላይ የሚመጠው 0.2 ገደማ ነው። 487 ለ2.6 ሲካፈል 187፣ ከተመልካቹ 60 ሲጨመር 247፤ ውጤቱ 2 ሰከንድ ነው። መካከለኛው 1.0 ሆኖ ወፍራሙ 2.0 ሲሆን ከበሮና ቤዝ ጊታር ይደበላለቃሉ፤ የወንድ ተዋናይ ንግግር ይጎረብጣል። ይህን የሚበላው ቀጭን ሰሌዳ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከ5 ሳንቲ ሜትር የአየር ክፍተት ጋር፣ ክፍተቱ ውስጥ ጥቂት ሱፍ ተደርጎ፣ 130 ኸርዝ አካባቢ እየተንቀጠቀጠ ኃይሉን ይወስዳል። ክፍተቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሰፋ ወደ 95 ኸርዝ ይወርዳል። 100 ካሬ ሜትር ቢገጠም ወፍራሙ ወደ 1.7 ይደርሳል፤ ግማሹን በ5፣ ግማሹን በ10 ክፍተት ሥሩት። ሰሌዳው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ በጠርዙ ብቻ ይያዝ። መሐሉን በሚስማር ከቸነከራችሁት አይንቀጠቀጥም፤ ተራ ግድግዳ ይሆናል።

በዚህ ላይ ዛሬ ወፍራሙን ድምፅ ከ3.2 ወደ 2.6 ያወረደላችሁ ያ የጣውላ ኮርኒስና የጣውላ ወለሉ መሆናቸውን ልብ በሉ። ኮርኒሱን ነቅላችሁ ጂፕሰም ብታደርጉ፣ ወይም ወለሉን ኮንክሪት ብታደርጉት ኖሮ፣ የተሰጣችሁን ነፃ መሣሪያ ትጥሉት ነበር።

ወንበሩ የተሸፈነ ይሁን። ባዶ የተሸፈነ ወንበር ሰው የተቀመጠበትን ያህል ሊመጥ ስለሚቀርብ፣ በልምምድ ጊዜ የተስተካከለው ድምፅ ማታ ሰው ሲሞላ ብዙም አይለወጥም።

ሽቦና አየር

አየሩን ከድምፅ ለኪ ጋር ተስማምቶ መሥራት ግዴታ ነው፤ ጥሩ አዳራሽ በጩኸታም ማራገቢያ ነው የሚበላሸው። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ብንይዝ ለ300 ሰው 3 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ በሰዓት 10,800 ነው። 300 ሰው የሚያወጣው ሙቀትም 30 ኪሎዋት ያህል ይሆናል።

ጩኸት የሚመጣው ከፍጥነት ነው። በዋናው ቱቦ ውስጥ አየሩ በሰከንድ ከ4 ሜትር እንዳያልፍ ከተፈለገ 0.75 ካሬ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል፤ 75 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቱቦዎች ይበቃሉ። ቱቦ ጠቦ ማራገቢያው ሲጠነክር ርካሽ ይመስላል፤ በጸጥታው ትዕይንት ላይ ግን ዋጋውን ያስከፍላል። መቀመጫውን ከፍ እያለ በሚሄድ ደረጃ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል አለ። ደረጃው 10 ሜትር ስፋት፣ ስድስት እርከን፣ እያንዳንዱ ግንባሩ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 12 ካሬ ሜትር ግንባር አላችሁ። ያንን ብዙ ቀዳዳ ባለው ላሜራ ሸፍናችሁ አየሩን በዚያ ብትለቁት በሰከንድ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ አይሰማም፣ እግርም አያቀዘቅዝም። የሰዉ ሙቀት ራሱ አየሩን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ በኮርኒሱ በኩል ይወጣል። ከወለሉ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ራሱን እንደ አየር ሳጥን መጠቀም ይቻላል።

ማራገቢያው ከካፕሪያታው ጋር አይታሰር። በውጭ፣ በጎማ ወይም በስፕሪንግ ላይ ይቀመጥ፤ ከቱቦው ጋርም በሸራ መገጣጠሚያ ይያያዝ።

መብራት ኃይል፦ ባለ ሦስት ፌዝ 100 አምፔር በ400 ቮልት 69 ኪሎ ቮልት አምፔር ይሰጣል። ኤልኢዲ መብራት ከተጠቀማችሁ 40ው ከ10 እስከ 12 ኪሎዋት፣ ድምፁ 10 ቢሆን፣ ማራገቢያውና የጋራ መብራቱ ተጨምሮ ይበቃል፤ እንግዳ ቡድን የራሱን ዕቃ ይዞ ሲመጣ የሚሰካበት 63 አምፔር መውጫ ለብቻው ይተውለት። አሮጌዎቹ 1 ኪሎዋት መብራቶች ቢሆኑ 40ው ብቻ 40 ኪሎዋት ይበሉ ነበር፤ ሙቀታቸውም በአየሩ ሒሳብ ላይ ይደመር ነበር።

የድምፅ ዕቃው ከመብራቱ የተለየ ሰሌዳ ይኑረው። ዲመሮችና (የመብራት ማደብዘዣዎችና) ኤልኢዲዎች የሚፈጥሩት ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የዋናውን ሦስት እጥፍ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ፣ በሦስቱ ፌዝ መካከል እርስ በርሱ አይጠፋፋም፤ መመለሻው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ላይ ይደመራል። ኒውትራሉ ከፌዙ ቀጭን ከሆነ ብሬከሩ ሳይወድቅ ሽቦው ይግላል። ኒውትራል ቢያንስ የፌዙን ያህል ይወፍር። የማይክ ገመድና የመብራት ገመድ ጎን ለጎን ሲሄዱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ሲሻገሩ በቀጥታ ማዕዘን ይሻገሩ። ጉምጉምታ ከመጣ ደግሞ የሚቆረጠው የምልክቱ መስመር ላይ በሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር ነው። የመሬት ሽቦውን ቆርጦ ጉምጉምታ ማጥፋት ሰው ይገድላል፤ ይህን የሚመክራችሁን ቴክኒሽያን ከሥራው አግልሉት።

ግድግዳ ተፈልፍሎ ሽቦ አይቀበር። በወለሉ ሥር፣ በኮርኒሱ ላይ፣ በብረት መዋቅሩ ውስጥ ይሂድ። ኮንዲዩቱ (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) ከ40 በመቶ በላይ አይሙላ፤ ባዶ ትርፍ ኮንዲዩትም አብሮ ይግባ፤ የኪነ ጥበብ ቤት ሽቦ በየጊዜው ይጨምራል።

ኖራና ድንጋይ

ከሽቦና አየር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ከወለሉ ሥር ያለው ባዶ ቦታ የአየር ሳጥን አይሁን። ሳጥን ለማድረግ የውጭ ቀዳዳዎቹን መድፈን ይጠይቃል፤ እነሱ ከተደፈኑ የእንጨቶቹ ጫፍ ይበሰብሳል። የመሬቱን ሽታና የሻጋታ ብናኝም ለ300 ሰው ትነፋላችሁ። ቱቦው በባዶው ቦታ ውስጥ ይለፍ፤ 50 ሳንቲ ሜትሩ ይገባል። ባዶው ቦታ ግን እንደ ቀድሞው በነፋስ ይተንፍስ። እኔ ያልኩት የመካከል ድጋፍ የቱቦውን መስመር እንዳይዘጋ ሁለቱ ሥዕሎች ተደራርበው ይታዩ።

ሽቦና አየር

ትክክል ነው፤ ቱቦው ይሁን። ከዙሪያው እርጥብ አየር ይልቅ ሲቀዘቅዝ ላብ እንዳያወጣ በመጠቅለያ ይሸፈን።

መውጫ ጠባቂ

እስካሁን ስለ እሳት ማንም አላነሳም፤ 300 ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ግን የቁጥሩን ጣሪያ የሚወስነው ወንበሩ ሳይሆን በሩ ነው። የየአገሩ ደንብ ስለሚለያይ የእናንተን መመልከት ግድ ይላል። አንድ የተለመደ ስሌት ግን ለአንድ ሰው 5 ሚሊ ሜትር የበር ስፋት ይይዛል፤ እሱም ትልቁ በር በእሳት ተዘግቷል ተብሎ ነው። ሁለት በር ብቻ ካላችሁ እያንዳንዱ ለ300ው ሁሉ መብቃት አለበት፤ 1.5 ሜትር ማለት ነው። ዋናው በር 3 ሜትር ሆኖ የኋላው 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስሌቱ የሚፈቅደው 180 ሰው ብቻ ነው፤ የዋናው ስፋት አያድናችሁም። ስለዚህ ወጪ የሚወጣው የኋላውን በር በማስፋት ላይ ይሁን፤ መስኮት የነበረን ቦታ ወደ ታች ማውረድ አዲስ ግድግዳ ከመቅደድ ይሻላል፤ ከበላዩ ያለው ቅስት ቀድሞውኑ ጭነቱን ተሸክሞታልና።

የድሮ የክብር በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሰው ሲገፋው ይዘጋል። ውብ ከሆነ አትቁረጡት፤ ዝግጅት ባለ ጊዜ ሁሉ ክፍት ሆኖ በግድግዳው ላይ ተቆልፎ ይቆይ፣ ከውስጡ ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈት በደረት ሲገፋ የሚለቅ ሁለተኛ በር ይግባ። የመጋረጃው ጨርቅ እሳት የማይዘው ከፈትሉ የሆነ ይሁን። በኬሚካል የተነከረው ሲታጠብ ይለቃል፤ ማንም አያስታውሰውም። መጋረጃው የመውጫ በር ላይም አይሰቀል።

ካፕሪያታውን በተመለከተ ሰዉ እንጨት ስለሆነ ይፈራዋል። ወፍራም እንጨት በደቂቃ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል እየከሰለ ይሄዳል፤ በ30 ደቂቃ ከየገጹ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ብዙ ይቀረዋል። ቀድሞ የሚከዳው ብሎኑና የብረት ማሰሪያው ነው፤ ሙቀት ወደ እንጨቱ ልብ የሚያስገባም እሱ ነው። ብረቱ ይሸፈን። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ ጭስ ጠቋሚ ይግባ፤ እሳት እዚያ ከጀመረ ታች ያለው ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

በለንደን የሚገኘው ባተርሲ አርትስ ሴንተር እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተ የቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ትልቁ አዳራሹ በማርች 2015 ተቃጥሎ በ2018 ዳግም ተከፈተ። ሲታደስ የግድግዳው የቃጠሎ ጠባሳ እንዲታይ ተተወ። የጠፋው የልስን ኮርኒስ ግን አስመስለው አልሠሩትም፤ የድሮውን ጌጥ ንድፍ ተከትሎ የተቆረጠ የኮምፔንሳቶ መረብ ሰቀሉበት፤ ድምፅና መብራት በመረቡ ያልፋሉ። አዲስ ነገር ስትጨምሩ ይህን እዩት። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተርም የሚለው ይኸንኑ ነው፤ የተተካው ክፍል ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን ይለይ።

የመድረክ ሰው

ሁሉንም ለመሐንዲሶቹ አቀርባለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለቲያትር ጨለማ ያስፈልጋል። በረጃጅሞቹ ግድግዳዎች 10 ትልልቅ መስኮቶች አሉ። በጡብ ይደፈኑ የሚል አለ።

ኖራና ድንጋይ

አይደፈኑ። ለሥዕል ዐውደ ርዕዩ ያ ብርሃን ያስፈልጋችኋል፤ ወረቀት ላይ የተሠራ ሥዕልንና የሽመና ሥራን ግን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በላይ የሆነ ብርሃን ስለሚጎዳቸው ከመስኮቱ አርቋቸው። ለጨለማው ከመስኮቱ ወደ ውስጥ በኩል፣ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ሥሩ። 18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ፣ ጠርዙ ዙሪያውን በጎማ የተከበበ፣ ከመስታወቱ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የራቀ። ክፍተቱ በሰፋ መጠን የመንገዱን ድምፅም ይቀንሳል። ፍሬሙ የሚያዘው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን የኖራ መጋጠሚያው ላይ በሚገባ ብሎን ነው፤ ነገ ሲነሳ ቀዳዳው በኖራ ይደፈናል፣ ድንጋዩ ግን የተበሳ ዕለት አይመለስም።

የመዝጊያው ታችና ላይ በጥቁር የተሸፈነ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ጠመዝማዛ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ያለዚያ የሰዉ ትንፋሽ በመስታወቱና በመዝጊያው መካከል ጤዛ ሠርቶ የመስኮቱን የታችኛውን እንጨት ያበሰብሰዋል። ፊቱን ወደ አዳራሹ ያደረገውን ገጽ በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶና በ5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካለበሳችሁት ደግሞ ድምፅ ለኪ ከጠየቀው 100 ካሬ ሜትር የተወሰነው እዚያው ይገኛል። ክብደቱ ስለሚጨምር ማጠፊያው ሦስት ይሁን።